ያልጮኸው ወንበር

ሥራዬ ኮሽታ ነው። ሬዲዮ ጣቢያ እሠራለሁ ስል ሰው ሁሉ ዜና አንባቢ አድርጎ ያስበኛል፤ የጎረነነ ድምፄን ልብ ብሎ ሲሰማው ደግሞ ወሬ ይቀይራል። ዜና አላነብም። በሬዲዮ ድራማ ውስጥ በር ሲከፈት የምከፍተው እኔ ነኝ። ዝናብ ሲዘንብ ወንፊት ላይ ምስር የማንከባልለው እኔ ነኝ። ባል ሚስቱን ጥሎ ሲሄድ የሚሄደው በእኔ ጫማ ነው፤ ተዋናዩ ጥፊ ሲቀምስም የሚቀላው የእኔ ጭን ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ "እትዬ ኮሽታ" ይሉኛል። መጀመሪያ ላይ ተቆጥቼ ነበር፤ አሁን በስሜ ቢጠሩኝ ዞር ብዬም አላይ።

አዘጋጃችን ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቁጣቸው ግን ያልሸበተ ሰው ናቸው። አንድ ሕግ አላቸው፦ "ያልተሰማ አልሆነም።" ተዋናዩ መስኮቱን ዘጋሁት ሊል ቢዘጋጅ፣ እኔ የመስኮቱን ድምፅ ካላሰማሁ መስኮቱ አልተዘጋም። ተዋናዩ ቃሉን ዋጥ አድርጎ ብርድ እንደሚመታው ሰው ይቀጥላል። ድሮ ሁሉም ነገር በቀጥታ በሚተላለፍበት ጊዜ አንድ ቀን ሽጉጤ አልተኮስ አለኝና ሊሞት የነበረ ወንበዴ ሳይሞት ቀረ። ድራማው በዚያው ሰበብ ወራት ቀጠለ። ያ ተዋናይ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ጉንጬን ሳይስም አያልፍም። ዛሬ ዛሬ ቀድመን እንቀዳለን፤ የመጨረሻዋን ክፍል ግን እንደ ድሮው በቀጥታ ነው የምናስተላልፈው። አዘጋጁ "ተዋናይ ካልፈራ አይተውንም" ስለሚሉ ነው።

ደራሲያችን ገና ጢሙ በቅጡ ያልወጣለት ወጣት ነው፤ "ፈላስፋው" እንለዋለን። የሚጽፈው ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው። በመጀመሪያው ድራማው ግዙፍ የነሐስ ሮቦት አንዲት ፕላኔት እየዞረ ሲጠብቅ ከረመ፤ የሮቦቱ እግር የእኔ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ነበር። በሁለተኛው አባትና ልጅ ከጠፈር እስር ቤት ክንፍ ሠርተው አመለጡ፤ ልጁ ፀሐይ ካልነካሁ ብሎ ክንፉ ቀለጠ። አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ "ይህን ሁሉ ጉድ ከየት ነው የምታመጣው?" አልኩት።

"ከግሪኮች" አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

"ከየትኞቹ ግሪኮች?"

"ከጥንቶቹ። ሮቦቱ ታሎስ ነው፤ አንጥረኛው አምላካቸው ከነሐስ ሠርቶት ደሴት ይጠብቅ ነበር። ክንፉ የዴዳሉስና የልጁ የኢካሩስ ነው። እኔ ክንፉ የተጣበቀበትን ሰም አንስቼ ፕላስቲክ አደረግኩበት እንጂ ሌላ ምን ሠራሁ?"

"ታዲያ ይሄ ስርቆት አይባልም?"

ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሊያስተምረኝ ሲዘጋጅ ሁልጊዜ ብርጭቆውን ያስቀምጣል። "እትዬ፣ እነሱ የማያውቁት ቦታ ከባሕር ማዶና ከመሬት በታች ነበር። ጭራቁንም፣ ሙታኑንም፣ አማልክቱንም እዚያ አስቀመጡ። እኛ ባሕሩን ተሻግረን አየነው፤ ማዶው ሆቴል ነው። መሬቱን ቆፈርነው፤ ድንጋይና ውሃ ነው። የማናውቀው ወደ ላይ ብቻ ቀረ። ስለዚህ ያንኑ ዕቃ ጭነን ወደ ላይ አወጣነው። የጠፈር ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ከእነሱ ይበደራል፤ መርከቡን መንኮራኩር ይለዋል፣ ጠንቋዩን ኮምፒውተር ያደርገዋል። ሰውዬው ግን ያው ሰውዬ ነው። ይፈራል፣ ይጓጓል፣ አትንካ ያሉትን ይነካል።"

"ዕቃ ጫኝ ነኝ በለኛ።"

"ነኝ!" አለ፤ ደስ አለው። እኔም ወሬው ጣመኝ። ሰው ሥራውን ሲወድ ማየት ደስ ይላል፣ ቢያሰለችም።

ጣጣ ያመጣብኝ ሦስተኛው ድራማው ነው። አንድ የመንኮራኩር ካፒቴን ሚስቱ ትሞትበታለች። ሙታን ከጠፈር ዳር ባለች የበረዶ ጨረቃ ላይ ተኝተው ነው የሚኖሩት። ካፒቴኑ እዚያ ድረስ ሄዶ ለበረዶው ጌታ ያፏጭለታል፤ ሚስቱ የምትወደውን ዜማ። የበረዶው ጌታ ልቡ ይራራና "ውሰዳት" ይለዋል። "ከኋላህ ትቀመጣለች። ቤትህ ደርሰህ መሬት እስክትረግጥ ድረስ ግን ዞረህ እንዳታያት። ድምፅዋንም አትሰማም።" ከዚያ በኋላ ድራማው በሙሉ የመልስ ጉዞ ነው። ካፒቴኑ ከኋላው ላለው ዝምታ ያወራል፤ ሚስቱ ደግሞ ትተነፍሳለች። ትንፋሿን የምንሰማው እኛ ብቻ ነን። ተዋናይቷ በየሳምንቱ መጥታ ተንፍሳ ትሄዳለች፤ የሚቀኑባት ነበሩ።

ካፒቴኑ መዞር ሲቃጣው ወንበሩ "ሲጢ…" ይልና ግማሽ ላይ ይቆማል። ይህችን ግማሽ ድምፅ አድማጭ ወደዳት። ባለታክሲዎች ተሳፋሪ ወደ ኋላ ሲዞር "ሲጢ" እያሉ ይቀልዱ ጀመር። እኔም በልቤ ኮራሁ፤ ለማን ልናገረው እንጂ።

ወንበሩ የእናቴ ነው። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፣ አባቴ የስፌት ማሽን ጠጋኝ። የተገናኙትም መርፌ በሚሰብር ማሽን ሰበብ ነው። ከማሽኗ ወደ መቁረጫ ጠረጴዛዋ የምትዞርበት ክብ ወንበር ነበራት፤ በዞረች ቁጥር ሲጢጥ ይላል። "አንተ ሰውዬ፣ የሰፈሩን ማሽን ሁሉ ዘይት ታጠጣለህ፤ የእኔን ወንበር አንዲት ጠብታ ነፈግከው" ትለው ነበር። "ነገ" ይላታል። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንደሚባለው ነው። ነገ፣ ነገ ሲል እናቴ ባለፈው ዓመት ሞተች፤ ወንበሩም እንደጮኸ ቀረ።

አባቴን ወደ እኔ ቤት አመጣሁት። የመሣሪያ ሳጥኑን አልጋው ሥር ገፋው፣ አልከፈተውም። የእናቴን ፎቶ ሳሎን ሰቀልኩ፤ በማግስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሮት አገኘሁት። "አልችልም ልጄ" አለኝ። ከዚያ በኋላ ብዙም አላወራም። የቀረበለትን ይበላል፣ ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል። ሕይወቱን ሁሉ ጣቶቹ ሥራ ፈትተው የማያውቁ ሰው እጆቹን ብብቱ ውስጥ ደብቆ ሲውል ማየት እንዴት ይጨንቃል! ሐኪሙ ምንም የለውም አለ። ምንም የለውም፤ እውነት ነው፣ ምንም አልነበረውም።

አንድ እሑድ ከሰዓት ሥራዬን ለመስማት ወጥ ቤት ሬዲዮ ከፍቼ ነበር። ካፒቴኑ "እዚያ ነሽ? እንዳለሽ አድርጌ ነው የማወራው" እያለ ነው። ዞር ስል አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። ድራማው እስኪያልቅ ቆመ። ከዚያ "ያመጣታል?" አለኝ።

"እንጃ አባዬ፣ ገና ነው።"

"ይኼ ልጅ ደህና ሰው ነው፤ ያመጣታል" አለና ተመልሶ ገባ።

በሚቀጥለው እሑድ ተጣጥቦ መጣ። በሌላው ጢሙን ተላጨ። ቀጥሎ ቅዳሜ ማታ "ነገ ነው አይደል?" ይል ጀመር። በጉዞው ላይ አስተያየት ይሰጣል፤ ነዳጁ እንዳያልቅበት ይሰጋል፤ "ይህ ሰው ሚስቱን የጫነ ሹፌር ነው፤ እንዲህ መክነፍ አለበት?" ይላል። እኔ ወደ ማድቤት ዞሬ በደስታ አለቅሳለሁ። የካፒቴኑ ወንበር የማን እንደሆነ ግን አላወቀም። ቴክኒሻኑ ማሚቶ ስለሚጨምርበት በሬዲዮ ሲሰማ ሌላ ነገር ይሆናል። የዜና ክፍል ሰዎች ያገኙት ነገር ላይ ሁሉ ስለሚቀመጡ ወንበሩን በየሳምንቱ ይዤ እሄዳለሁ፣ ይዤ እመለሳለሁ። ለአባቴ "ስቱዲዮ የምቀመጥበት ነው" ብዬዋለሁ።

እንዲህ ደስ ብሎኝ ሳለሁ የመጨረሻው ክፍል ጽሑፍ ደረሰኝ። ካፒቴኑ የሀገሩን ደመና ሲያይ ይዞራል። ወንበሩ ሙሉውን ሲጢጥ ይላል። የሚስቱ ትንፋሽ ይቆማል። የመቀመጫዋ ቀበቶ ባዶውን ይወድቃል። አለቀ።

ጽሑፉን ይዤ ፈላስፋው ላይ ዘመትኩ። "አንተ ልብ የለህም?"

"እኔ ምን ላድርግ? ኦርፌዎስ ዞሯል። ሚስቱን ከሙታን ሀገር እየመራ አውጥቶ፣ ብርሃኑ ጋ ሲደርስ ዞሮ አያት፣ አጣት።"

"አንተ እንዳይዞር አድርገዋ!"

"እትዬ፣ ከዚህ ተረት ይህችን አንድ ብሎን ከፈታሁ ሁሉም ይፈርሳል። ሰው የሚወደውን ሳያይ መታገሥ አይችልም፤ ታሪኩ ይኼው ነው። ሦስት ሺህ ዓመት ያህል የኖረ ነገር እኔ በአንድ እሑድ ልቀይረው?"

አዘጋጁ ጋ ሄድኩ፤ "የደራሲ ሥራ ነው" አሉኝ። ስለዚህ ፈላስፋውን ቤቴ ምሳ ጠራሁት። አባቴን ካየ ልቡ ይራራ ይሆናል አልኩ፤ የበረዶው ጌታ እንኳ ራርቷል።

አባቴ የሚለብሰውን ኮት ሲፈልግ አረፈደ። ፈላስፋው ገና ከመቀመጡ አባቴ "ደራሲው አንተ ነህ?" አለው።

"አዎ፣ አባባ።"

"ያ መንኮራኩር የኋላ መስታወት የለውም እንዴ? ሹፌር ያለ መስታወት እንዴት ይነዳል?"

ፈላስፋው አፉ ውስጥ የያዘውን ድንች መዋጥ አቃተው። "እ… ተነቅሎ ነው፣ አባባ። እንዳይፈተን ብለው ነቅለውበት ነው።"

"ብልህ ነው የነቀለው" አለ አባቴ። እጁን ልጁ ክንድ ላይ አሳረፈ። "አደራ እንግዲህ። እዚህ ድረስ አምጥተሃታል። አደራ።"

በር ድረስ ስሸኘው ፈላስፋው ግድግዳው ላይ ፊቷን ያዞረችውን ፎቶ አየ። ምን እንደሆነች አልጠየቀኝም። "እትዬ፣ አልችልም" ብቻ አለኝ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ስለዚህ ልጠላው አልቻልኩም፤ ይህ ደግሞ ባሰብኝ። የሚጠሉትን ሰው መርገም ይቻላል፤ የሚወዱት ሲያስቸግር ግን መድኃኒት የለውም።

የመጨረሻው እሑድ ደረሰ። አባቴን ሬዲዮኑ አጠገብ እንዳይቀመጥ ማድረጊያ ዘዴ ሳወጣና ሳወርድ ነጋ። ባትሪውን ልደብቅ? መብራት ጠፋ ልበል? አርፍጄ ተነሳሁና እየተጣደፍኩ ወንበሩን ገልብጬ ተሸከምኩት። ኮሪደሩ የማሽን ዘይት ይሸታል፤ የጎረቤት ሞተር ሳይክል ነው ብዬ አለፍኩ። አባቴ ጓሮ ነበር። "አምጥቶ ያወርዳታል ዛሬ!" ብሎ ጮኸልኝ። ወንበሩን እንደተሸከምኩ በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

ስቱዲዮ ስደርስ ቀዩ መብራት ሊበራ ጥቂት ነበር የቀረው። ወንበሩን ማይክራፎኔ ፊት አስቀመጥኩት። ካፒቴኑና ሚስቱ በአንድ ማይክራፎን ግራና ቀኝ ጀርባ ለጀርባ ቆሙ፤ አዘጋጁ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያቆሟቸው፣ እንዳይተያዩ። አዘጋጁና ፈላስፋው ከመስታወቱ ኋላ ናቸው። መብራቱ በራ።

ካፒቴኑ እንደዚያ ቀን ተውኖ አያውቅም። ደመናውን አየ፤ የቤቱን ጣራ እንደሚያይ ሰው ድምፁ ሟሟ። ትንፋሿ ከኋላው አለ፤ ገባ፣ ወጣ። "አንዴ ብቻ" አለ። "አንዴ ብቻ ልይሽ።" አዘጋጁ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

ወንበሩን አዞርኩት።

ምንም የለም። እንደገና አዞርኩት። እንደ ቅቤ ሄደ። ዙሩን ጨርሶ ተመልሶ መጣ፤ ትንኝ ያህል ድምፅ የለውም። ጎንበስ ስል ከመቀመጫው ሥር ንጹሕ ዘይት ያብለጨልጫል፤ ትርፉ በጨርቅ ተጠርጎ፣ ብሎኑ ጠብቆ፣ ልክ አባቴ ብቻ እንደሚሠራው። ለካ ጠዋት የሸተተኝ እሱ ነው። ለካ ሳጥኑን ከፍቷል! አባቴ የመሣሪያ ሳጥኑን ከአልጋው ሥር ጎትቶ፣ ከፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ ሥራ ሠርቷል! ሺህ ሰው በሚሰማው ዝምታ መሃል ቆሜ ልሳቅ ወይስ ልጩህ ጠፋኝ። አፌን በእጄ ያዝኩ።

አዘጋጁ ከመስታወቱ ኋላ ሁለት እጃቸውን እያወናጨፉ ነው። የዛገ የበር ማጠፊያ እጄ ሥር ነበር፤ ከወንበሩ እኩል ሲጢጥ ይላል። አየሁት። አላነሳሁትም። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና እጄን ጭኔ ላይ አደረግኩ፤ ዛሬም ቢሆን አላነሳውም።

ካፒቴኑ የወንበሩን ድምፅ ጠበቀ። አልመጣም። የስቱዲዮአችንን ሕግ ያውቃል፦ ያልተሰማ አልሆነም። ሚስቱም ታውቃለች፤ ስለዚህ መተንፈሷን ቀጠለች። ያቺ ትንፋሽ በዚያ ዝምታ ውስጥ እንዴት ጎልታ እንደተሰማች! ካፒቴኑ ዓይኑን ጨፈነ።

"አይ" አለ በቀስታ። "አልዞርም። ቤታችን እንግባ።"

ከዚህ በኋላ ጽሑፍ የለንም። መንኮራኩሩን ማሳረፍ የእኔ ፈንታ ሆነ። ቆርቆሮውን አንቀጠቀጥኩ፣ ጠጠር በጣሳ አንኳኳሁ፣ በብስክሌት መንፊያ የበሩን አየር አስወጣሁ። ከዚያ የካፒቴኑን ቦት ጫማ በእጄ አጥልቄ አሸዋው ላይ አራመድኩት። አቆምኩ። የሴት ጫማ አንስቼ ከኋላው አስከተልኩ፤ ቀስ እያለ፣ መሄድ እንደረሳ ሰው። ወራት ሙሉ ስትተነፍስ የከረመችው ተዋናይ ወደ ማይክራፎኑ ጠጋ አለች።

"ደረስን?" አለች።

ቴክኒሻኑ ሳይታዘዝ ሙዚቃውን ለቀቀው። ዓይኑን እየጠረገ ነበር።

መብራቱ ሲጠፋ አዘጋጁ እየተንደረደሩ ገቡ። ወንበሩን አዞሩት፤ አንዴ፣ ሁለቴ። "ማነው ይህን ያደረገ?"

"አባቴ ነው፤ ዘይት አጠጥቶት ነው።"

ረጅም ጊዜ ወንበሩን ሲያዞሩ ቆዩ። "እንግዲህ ያልተሰማ አልሆነም" አሉና ሊስቁ ሲሉ ራሳቸውን ያዙ። ፈላስፋው መሬት ላይ ቁጭ ብሏል። "ሦስት ሺህ ዓመት ሙሉ ሲዞር የኖረ ሰው…" ይላል።

"ደክሞት ይሆናላ" አልኩት። "ደግሞ ግሪኮቹ የወይራ ዘይት ሀገር አይደሉ? አንዲት ጠብታ ማን ከለከላቸው?"

ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ሳቁ ቀደመው። ቆይቶ የካፒቴኑ ሚስት ያለቻትን "ደረስን?" ኪሱ ውስጥ ባገኘው ወረቀት ላይ ጻፋት። እኔ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ወንበሬን ተሸክሜ ወደ ቤት ሄድኩ። አባቴ ሳሎን ነበር፤ እጁ እስከ ክርኑ ዘይት ነው። የመሣሪያ ሳጥኑ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግፏል። የቤቴን በር ማጠፊያ፣ የመስኮቴን መቀርቀሪያ፣ የቁም ሳጥኔን መሳቢያ ሁሉ ነቃቅሏቸዋል። በሌላ ቀን ቢሆን እጮህ ነበር።

"አልዞረም!" አለኝ። "ሰምተሻል? አልዞረም! አላልኩሽም?"

"ብለኸኛል፣ አባዬ።"

"አይ ልጅ! ሰው ማለት እሱ ነው።" እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተነሳና ወንበሩን ከእጄ ተቀበለኝ። ያን ጊዜ ነው ግድግዳውን ያየሁት። እናቴ ወደ እኛ ዞራለች። መስታወቷ ተወልውሏል፤ ጥጉ ላይ የዘይት ጣት አርፎበታል።

"አባዬ፣ አዞርካት እንዴ?"

"ምነው? እሱ እኮ መንገድ ላይ ስለነበረ ነው ያልዞረው" አለኝ፣ እንዴት ይህ ይጠፋሻል በሚል ድምፅ። "እኔ ቤቴ ገብቻለሁ።"

ወንበሩን ፎቶው ፊት አስቀመጠና ተቀመጠበት። በእግሩ ገፋ አድርጎ አንድ ዙር ዞረ፣ ያለ ድምፅ፤ ተመልሶ እሷ ፊት ቆመ። ቀና ብሎ አያት።

"ይኸው" አላት። "አደረግኩልሽ። አሁን ምን ብለሽ ልትነዘንዢኝ ነው?"